ከቦሌ ማዶ፣ በየካ ተራራ ላይ ያለው የድንጋይ ወለል

ወለል ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መጥረጊያና መወልወያ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ይጠረጋል፤ ማታ ስንመለስ ደግሞ የልጆች እግር ያመጣውን ጭቃ ይዞ ይጠብቀናል። ወለል ለማየት ብሎ ከቤት መውጣት፣ ያውም የታክሲ ሒሳብ ከፍሎና ልጆች አስከትሎ ተራራ መውጣት፣ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በቅርቡ አራት የቦሌ ሠፈር እናቶች ከሰባት ልጆች ጋር ሆነን በአንድ የእሑድ ቀን ያደረግነው ይህንኑ ነው።

የጉዞው መነሻ በስልክ የመጣ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ዮርዳኖስ ውስጥ በአማን ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እንደ ብዙዎቹ እኅቶቻችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሸኝታ ከሄደች ቆይታለች። በአንድ የዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር ከአማን በስተደቡብ ወደምትገኘው ወደ ማዳባ ሄዳ፣ በዚያ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ያየችውን ወለል አንሥታ ለእናቷ ላከችላት። «እማዬ፣ ይህን ወለል እንኳን ሊወለውሉት ሊረግጡትም አይፈቀድም» የሚል ቃልም አክላበታለች። እናትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ያ ወለል በዓለም የታወቀ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ማለት በምሥራቁ የሮም መንግሥት ዘመን የተሠራ ሲሆን የቅድስት አገርን ካርታ ያሳያል። ኢየሩሳሌም ከነበሮቿና በአዕማድ ከታጀበው ትልቅ መንገዷ ጋር፣ የዮርዳኖስ ወንዝ፣ ሙት ባሕር፣ እንዲሁም የኛው ዓባይ በግብፅ ምድር ተከፋፍሎ ወደ ባሕር የሚገባበት ሁሉ ይታይበታል። ልጆቹን ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰታቸው በዮርዳኖስ ወንዝ ውስጥ ያለው ዓሣ ነው። ጨዋማው ሙት ባሕር አፍ ላይ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ሠሪው ቀልድ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ካርታው በተሠራ ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ያህል ትናንሽ ድንጋዮች ሳይፈጅ እንዳልቀረ ይገመታል። ዛሬ የቀረው 16 ሜትር በ5 ሜትር ያህል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአሮጌው ፍርስራሽ ላይ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከፊሉ ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ወለል ሞዛይክ ይባላል። በሮማውያን ዘመን ሲሠራ መጀመሪያ መሬቱ ይደለደላል፤ በላዩ ላይ ሻካራ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ከዚያም ጠጠር ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ ይደለደላል፤ ቀጥሎ የተፈጨ የሸክላ ስብርባሪ የገባበት ኖራ በስሱ ይለሰናል። ልስኑ ሳይደርቅ፣ ቁርጥ ስኳር የሚያክሉ ወይም ከዚያ የሚያንሱ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ድንጋዮች አንድ በአንድ እየተለቀሙ ይደረደሩበታል። ድንጋዩ ቀለም ሲያንሰው ብርጭቆ ይጨመርበታል። ነገሩ ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቦሌና በአካባቢው በቀደመው ጊዜ በተሠሩ ቪላ ቤቶች በረንዳ ላይ የምናየው፣ የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ እየተያያዘ የሚሠራው ወለል፣ የሩቅ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ የኛው በረንዳ ስብርባሪው እንደ መጣ የሚለጠፍበት መሆኑ ሲሆን፣ የሮማውያኑ ግን ጠጠሩን እንደ ጥልፍ ክር ቆጥረው ሥዕል ያወጡበት ነበር።

ታዲያ ፎቶግራፉን እያገላበጥን ስናይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ «እኛ አገር ጥንታዊ ወለል የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ነገርናት። እርሷ ግን «እነሱ ሩቅ ናቸው፤ እዚህ ማለቴ ነው» አለች። እዚህ ማለቷ ቦሌ መሆኑ ነው። ቦሌ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደዚህ ከተዛወረ በኋላ የሰፋ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፎቅ በፎቅ የሆነ አዲስ ሠፈር ነው። አዲስ አበባም ራሷ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ጥንታዊ ነገር በዚህች ከተማ አይገኝም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሆኖም ከቦሌ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ያየ ሰው ከመገናኛ ባሻገር በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የየካን ተራራ ያያል። በዚያ ተራራ ላይ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም፣ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ ዋሻ ሚካኤል ይባላል። ጉዞው የተወሰነው በዚሁ ዕለት ነው።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከቦሌ እስከ መገናኛ በታክሲ፣ ከሲ.ኤም.ሲ. ወይም ከአያት ወገን ለሚመጡ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር መገናኛ ድረስ መምጣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ፊትን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መልሶ ወደ የካ ተራራ መውጣት ነው። መኪና ያለው ከፊሉን መንገድ በመኪና ሊሄድ ይችላል። በእግር የሚሄድ ግን መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «ዋሻ ሚካኤል በየት ነው?» እያለ ቢጠይቅ አይጠፋም። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከዚያ በላይ መውጣት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ልጆቹ ግን ከፊታችን ሮጠው እየሄዱ «እናንተ ምን ነካችሁ?» ይሉን ነበር።

በስተቀኝም በስተግራም ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የአገር ዛፍ ተቆርጦ ከማለቁ የተነሣ ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ፣ ለዚሁም ሲባል በዚያ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ አሳቡ ቀረ። አዲስ አበባ አዲስ አበባ ሆና የቀረችው በማገዶ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። የማገዶውን ነገር ካነሣን ደግሞ ተሸካሚዋን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከእንጦጦም ሆነ ከየካ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ የከተማውን ምድጃ ሲያነዱ የኖሩት ሴቶች ናቸው። ቡታጋዝና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ ወዲህ የገዢው ቁጥር ቢቀንስም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወይም የጋዝ ዋጋ በናረ ቁጥር እነርሱኑ የሚፈልገው ብዙ ነው።

መንገዱ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ላባቸውን ሲጠርጉ አገኘን። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ይመስላል። ሰላምታ ሰጠናቸው፤ እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃችን ሸክሙን ላንሣው ብሎ ቢሞክር ከመሬት ሊያላቅቀው አልቻለም። እርሳቸው ሳቁበት።

«የት ልትደርሱ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«ዋሻ ሚካኤልን ለማየት ነው፣ እትዬ።»

«ደግ አደረጋችሁ። ታሪክ ነው እኮ። እኔ እንኳ በአጠገቡ ስንት ዓመት ሳልፍ ገብቼ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሸክም ይዞ አይገባም፤ ሸክም ጥሎም አይገባም፣ ይወሰድብኛል።»

ልጅ እንዳላቸው ስንጠይቃቸው ፊታቸው ፈካ አለ። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። አንድም ቀን ይህን ተራራ አላስወጣኋትም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች።»

«አሁንስ ምን ትሠራለች?»

«ፓስፖርት አውጥታ ትጠብቃለች። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው።»

ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ልጅዋ አማን ያለችው ጎረቤታችን ተነሥታ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ሁለቱ የተነጋገሩትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ነገር ግን ለሌሎች እናቶችም ይጠቅማል የምንለውን ያህል እናንሣ። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የሥራ ውሏን ራሷ አንብባ እንድትፈርም፣ ከውሉና ከፓስፖርቱ አንድ አንድ ቅጂ እናት ቤት እንዲቀር፣ የአሠሪዎቹ ስምና አድራሻ በወረቀት ተጽፎ እንዲያዝ፣ በደላላ በኩል በድንበር ከመሄድ ይልቅ በሕጋዊው መንገድ ብቻ እንድትሄድ መከረቻቸው። «ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «የምትደውልበትን ቀን ተቀጣጠሩ። በዚያ ቀን ካልደወለች ዝም ብለሽ አትቀመጪ፤ ጠይቂ።» ጎረቤታችን አንቱታውን የረሳችው ከጭንቀቷ የተነሣ ነው፤ እርሳቸውም ልብ አላሉትም። የስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ሸክማቸውን ስናሸክማቸው ሁለት ሰው አስፈለገን።

ዋሻ ሚካኤል ከሩቅ አይታይም። ከመሬት በላይ የተገነባ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ የተወቀረ ስለሆነ፣ አፋፉ ላይ ሲደርሱ በድንገት ከእግር በታች ይገኛል። ሠሪዎቹ በተራራው ጎን ያለውን ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አለት በዙሪያው ቦይ ቆፍረው ከቀረው ተራራ ለዩት፤ ከዚያም ያንን አለት ከውጭ እንደ ቤት ጠረቡት፤ ውስጡን ደግሞ ፈልፍለው አዳራሽ አደረጉት። ምሰሶዎቹ፣ ቅስቶቹ፣ ግድግዳዎቹና ወለሉ ሁሉ አንድ ድንጋይ ናቸው። ከውጭ የመጣ አንድም ድንጋይ የለበትም። ይህን ለልጆች ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል ብለን ነበር፤ ነገር ግን አንደኛዋ «እንደ ዱባ ነዋ! ውስጡን አውጥተው ልጣጩን ተዉት» አለች። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

በሞዛይክ ወለልና በዚህ ወለል መካከል ያለው ልዩነት የገባንም እዚያ ቆመን ነው። ሮማዊው ባለሙያ አንድ ጠጠር ቢሳሳት ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ከአለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ጊዜ አብዝቶ ከቆረጠ የሚተካው የለውም። ምሰሶ ይሆናል ብሎ የተወውን ድንጋይ ሌላው ሠራተኛ በስሕተት ቢመታው ጣሪያው ምን ላይ ይቆማል? ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቤቱ በሙሉ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ በሠሪው አእምሮ ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። ወለሉ የሚገኘው በመጨረሻ ነው።

የተሠራበትን ዘመን በሚመለከት የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሓ፣ ማለት እስከ 4ኛው መቶ ዓመት ያደርሰዋል። የታሪክና የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች ግን አሠራሩን ከላሊበላና ከሌሎች ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በማስተያየት በመካከለኛው ዘመን፣ ብዙዎቹም በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ እንደተሠራ ይገምታሉ። በዚህች ጸሐፊ አስተያየት የአጥኚዎቹ ግምት የበለጠ ያስኬዳል። ይህን ማለት ግን ቦታውን አያሳንሰውም። በ12ኛው መቶ ዓመት ቢሆን እንኳ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ሰባት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በዚህ ተራራ ላይ መሮ የጨበጡ፣ የሥራ ዕቅድ የነበራቸው፣ የሚመግባቸውም ሕዝብ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ስለ መጋቢዎቹ ማንም አይጽፍም እንጂ፣ ድንጋይ ሲወቅር ለሚውል ሰው እንጀራ የጋገረችውና ውኃ የቀዳችው ሴት በሥራው ውስጥ አለችበት።

የአብርሃና የአጽብሓ ስም ከተነሣ ስለ ሮም አንድ ነገር ማለት ይገባናል፤ ልጆቹ ሮማውያንን ከኛ ጋር ፈጽሞ የማይገናኙ ሕዝቦች አድርገው ያስቡ ነበርና። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሮም ግዛት ጋር ትነግድ ነበር። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የወርቅ ገንዘብ ሲያሠሩ ክብደቱን ከሮማውያን ገንዘብ ጋር አመዛዝነው ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። በቅርቡም በትግራይ ከየሓ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ በተባለው ቦታ በተደረገ ቁፋሮ የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የተገኘ ሲሆን፣ በሮማውያን ወግ የተሠራ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ባለ ቀይ ፈርጥ የወርቅ ቀለበትም ተገኝቶበታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ ወጥቷል። በመካከል ሰፊ፣ በግራና በቀኝ ጠበብ ያለ ሆኖ በምሰሶ ረድፍ የሚከፈለው የቤተ ክርስቲያን አሠራር ራሱ ከሮማውያን የሕዝብ አዳራሽ የተወረሰ ነው። ዋሻ ሚካኤልም በዚሁ አኳኋን በምሰሶ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ማዳባና የካ በዚህ በኩል አንድ አያት አላቸው።

ዛሬ ዋሻ ሚካኤል ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤት አይደለም። ጣሪያው በአብዛኛው ተንዷል፤ ሰማይ ይታይበታል። በግድግዳዎቹ ጫፍ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሏል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ የዝናብ ውኃ ይተኛበታል። እኛ በሄድንበት ጊዜም ከአንዱ ማዕዘን ውኃ አቁሮ፣ ምሰሶዎቹ ተገልብጠው ይታዩበት ነበር። ማየቱ ደስ ይላል፤ ለአለቱ ግን ደስታ አይደለም። ይህ ዓይነቱ አለት ለመጥረብ የሚመቸው ለስላሳ በመሆኑ ነው፤ ለስላሳነቱ ደግሞ ውኃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፣ እንዲህ ሲመላለስበት ይላላጣል። የቁጥቋጦው ሥር ስንጥቁን እያሰፋ ይገባል። በዚህ ላይ የሰው እጅ ሲጨመርበት፣ ማለት በምስማር ስም መጫሪያ ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ እንዳየነው ዓይነት ጠባሳ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ማበላሸት በሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ግን ተራራ ላይ ያለን ግድግዳ ሁልጊዜ የሚጠብቅ የለም። ከልጆቹ አንዱ ጠጠር አንሥቶ ሊጽፍ ሲል የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ «ማዳባ ቢሆን ትረግጠው ነበር?» ብላ ጠጠሩን ከእጁ ነጠቀችው። ጠጠሩ ተወረወረ፤ ትንሽ ጠብም ተነሣ፤ ዳቦና ሻይ ሲወጣ ታረቁ።

ምሳችንን የበላነው ከቅጥሩ ውጭ፣ አፋፉ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ምሥራቁ አዲስ አበባ በሙሉ ይታያል። ከታች መገናኛና ኮተቤ፣ ወዲያ ማዶ የሲ.ኤም.ሲ.ና የአያት ኮንዶሚኒየሞች፣ በስተደቡብ ቦሌና የአውሮፕላን ማረፊያው፣ በስተደቡብ ምሥራቅ የየረር ተራራ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ ዝቋላም ይታያል። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ልጆቹ ወዴት እንደሚሄድ ይከራከሩ ነበር። ጎረቤታችን ስልኳን አውጥታ ወለሉን፣ ውኃውንና ምሰሶዎቹን አንሥታ ወደ አማን ላከች።

መሄድ ለምትፈልጉ እናቶች ጥቂት ነገር እንጨምር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት ዳገቱ ያዳልጣል፣ ወለሉም ኩሬ ይሆናል። የማያዳልጥ ጫማ፣ ውኃና ለፀሐይ የሚሆን ጥላ መያዝ ነው። ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ ነጠላ መያዝ፣ በአካባቢው ያሉትን የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ፣ ጫማ አውልቁ ሲባልም ማውለቅ ይገባል። ልጆች በግድግዳው ጫፍ ላይ እንዳይወጡ እጃቸውን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል እንጂ ከሥሩ ባዶ ነው። ብቻን ከመሄድ በቡድን መሄድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም መውረድ ይሻላል። ስትወርዱ ሸክም የያዘች ሴት ካገኛችሁ መንገድ ልቀቁላት፤ እርሷ ቆማ እንደገና መነሣት ከናንተ ይልቅ ይከብዳታል።

ከዚህ በኋላ ሌላ ለማየት የሚፈልግ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በመልካ ቁንጥሬ በኩል የምትገኘው አዳዲ ማርያም እንዲሁ ከአለት የተፈለፈለች ናት፤ በርሷ ግን እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደሳል። መንገዱ የግማሽ ቀን ስለሆነ ማልዶ መነሣት ያስፈልጋል። ልጆቹ ከወዲሁ እየጠየቁን ነው፤ እኛም የወር ደመወዝ እስኪደርስ ታገሡ ብለናቸዋል።